ቁልፍ ሠሪውና የቤቱ ባለቤት

ታኅሣሥ 13 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 22 ቀን 2000፣ የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት ያልተለመደ ነገር አደረገ። የሌሎችን ንግግር ማዳመጥ ሙያው የሆነው፣ ስለ ራሱ ግን አንዲት ቃል መተንፈስ የማይወደው ይህ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞቹ የጻፉትን የኮምፒዩተር ጥበቃ ፕሮግራም ከነምንጭ ጽሑፉ በኢንተርኔት አወጣ። የፈለገ ሁሉ እንዲወስደው፣ እንዲያነበው፣ እንዲለውጠውና ለሌላው እንዲያካፍለው ፈቀደ። ፕሮግራሙ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚጨመር ሲሆን፣ ስሙ ኤስ ኢ ሊኑክስ ነው፤ ጥበቃው የጠነከረ ሊኑክስ ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኑክስን በቤቱ ኮምፒዩተር የሚጠቀም ሰው ያን ጊዜ ያነሣው ጥያቄ አጭር ነበር። የሰው በር መክፈት ሥራው የሆነ ሰው መቆለፊያ ሠርቶ በነጻ ቢሰጥ፣ በቤት በር ላይ ይገጠማልን? ጥያቄው ዛሬም ባልደረቦቻችን በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመለሰው በስሜት ነው። ግማሹ «ከእነርሱ የመጣ ሁሉ ወጥመድ ነው» ሲል፣ ግማሹ «ምንጭ ጽሑፉ ከወጣ ምን ያሠጋል» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን በጥቂቱ ቢመለከቱት ኖሮ እንዲህ አፋቸውን ሞልተው ለመናገር ባልደፈሩ ነበር።

ድርጅቱ በፕሬዚዳንት ትሩማን ዘመን በ1952 የተቋቋመ ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የሌሎችን መንግሥታት ምሥጢር መፍታት፣ ሁለተኛው የገዛ መንግሥቱን ምሥጢር ማስጠበቅ ነው። ለአንደኛው ሥራ የዓለም መቆለፊያ ሁሉ ልል ቢሆን ይመረጣል፤ ለሁለተኛው ደግሞ ጥብቅ መሆን ይገባዋል። ወዳጅም ጠላትም በየራሱ መሣሪያ ይጠቀም በነበረበት ዘመን ሁለቱ ሥራዎች ሳይጋጩ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ችለዋል። ኮምፒዩተር የሸቀጥ ዕቃ ሆኖ አንዱ ዓይነት ፕሮግራም በሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም፣ በባንክም፣ በግለሰብ ቤትም መሥራት ሲጀምር ግን ግጭቱ ከዚያው ከቤቱ ውስጥ ተነሣ።

ይህ በግልጽ የታየው በዲ.ኢ.ኤስ. ጉዳይ ነው። በ1973 የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት፣ መንግሥትም የንግድ ድርጅቶችም በጋራ የሚጠቀሙበት የምሥጢር መጻፊያ ዘዴ እንዲቀርብለት ጠየቀ። የመጀመሪያው ጥሪ የሚረባ መልስ ስላላስገኘ በ1974 እንደ ገና ጠየቀ። አይ.ቢ.ኤም. ሆርስት ፋይስተል ሉሲፈር ብሎ ከሠራው ዘዴ ያሻሻለውን አቀረበ፤ በ1975 ለሕዝብ አስተያየት ወጣ፤ በጃንዋሪ 1977 የመንግሥት ደረጃ ሆኖ ታተመ። በመካከሉ ግን ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት እጁን አስገብቶ እንደ ነበር ሁሉም ያውቅ ነበር። ምን እንዳደረገ ግን የሚናገር አልነበረም።

ጥርጣሬው ሁለት ምክንያቶች ነበሩት። አንደኛው የቁልፉ ርዝመት ነው። ሉሲፈር ከታወቁት ዓይነቶቹ በአንዱ 128 ቢት ቁልፍ ሲኖረው፣ የዲ.ኢ.ኤስ. ቁልፍ ግን 56 ቢት ብቻ ሆነ። ይህ 72 ሺህ ትሪሊዮን ያህል ቁልፎች ማለት ነው፤ ቁጥሩ ለሰው ጆሮ ግዙፍ ቢሆንም ለመኪና ግን አይደለም። የስታንፎርድ ሊቃውንት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1977 ባወጡት ጽሑፍ፣ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያለው መንግሥት ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ቀን ፈትሾ የሚጨርስ መኪና ሊሠራ ይችላል ብለው አስሉ። ሁለተኛው ምክንያት በዘዴው ሆድ ውስጥ ያሉት ኤስ-ቦክስ የሚባሉ ስምንት ሠንጠረዦች ናቸው። የዘዴው ጥንካሬ የተመሠረተው በእነርሱ ላይ ሳለ፣ ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ ተደርገው እንደ ተመረጡ አልተገለጸም። «እመኑን» የሚል ብቻ ነበር መልሱ። የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳይ ኮሚቴ በ1978 መርምሮ፣ ድርጅቱ አጭሩ ቁልፍ ይበቃል ብሎ አይ.ቢ.ኤም.ን ማሳመኑን፣ በሠንጠረዦቹም ዝግጅት በተዘዋዋሪ መርዳቱን ገለጸ፤ ጥፋት ተሠርቷል ግን አላለም።

ነገሩ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆየ። በ1990 ሁለት የእስራኤል ሊቃውንት፣ ኤሊ ቢሃምና አዲ ሻሚር፣ የልዩነት ትንተና የሚባል አዲስ የማጥቂያ ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። ዘዴው በዘመኑ የነበሩትን ብዙ የምሥጢር መጻፊያዎች ሲያፈርስ፣ ዲ.ኢ.ኤስ.ን ግን ሲነካው እንግዳ ነገር ታየ። ሠንጠረዦቹ ይህን ጥቃት አስቀድመው ያወቁ ይመስል ተቋቋሙት። እውነትም አውቀውት ነበር። ከዘዴው ነዳፊዎች አንዱ የሆነው የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያ ዶን ኮፐርስሚዝ በ1994 እንደ ጻፈው፣ ኩባንያው ይህን የማጥቂያ ዘዴ በ1974 ደርሶበት ነበር፤ ሠንጠረዦቹም የተመረጡት እርሱን እንዲቋቋሙ ታስቦ ነው፤ ምሥጢሩ ተሸፍኖ የቆየው ከድርጅቱ ጋር በተደረገ ምክክር ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ «እዚያ ውስጥ ክፉ ነገር ሸሽገዋል» ሲባል የኖረው ጥንካሬ ሆኖ ተገኘ።

ለመንግሥቱ ጠበቃ መቆም የሚወዱ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን አላቆመውም፤ ስለ ቁልፉ ርዝመት የተጠረጠረው ደግሞ እውነት ነበርና። በ1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለ የሲቪል መብት ማኅበር፣ ከ250 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ ባሠራው መኪና አንድ የዲ.ኢ.ኤስ. ቁልፍ በ56 ሰዓት ውስጥ አገኘ። እንግዲህ ያው አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ዕቃ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ ጥንካሬ ሲጨመርበት አይቶ ዝም ብሏል፤ ድካምንም አሳምኖ አስገብቷል። ሁለቱንም ደግሞ ያለ ማብራሪያ አሳልፏል። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ጥንካሬውን ከድካሙ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

ኤስ ኢ ሊኑክስ የወጣው ይህ ትዝታ ሳይደበዝዝ ነው። በ1993 የክሊንተን መንግሥት ክሊፐር የተባለች ለስልክ የምትሆን የምሥጢር ቺፕ አቅርቦ፣ የቁልፏ ቅጂ ግን በመንግሥት እጅ እንዲቀመጥ በመፈለጉ ውርደት ደርሶበት ነበር። በ1999 ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ የድርጅቱን ስም የያዘ ቁልፍ ተገኘ ተብሎ ዓለም ታወከ፤ ማይክሮሶፍት የራሱ መጠባበቂያ ቁልፍ መሆኑን ተናግሮ አስተባበለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ውሰዱ፣ በነጻ ነው» ሲባል ሰው ባያመነታ ኖሮ ይገርም ነበር።

ድርጅቱ ይህን ለምን አደረገ? መልሱ የድርጅቱ ተመራማሪዎች በ1998 በጻፉት አንድ ጥናት ውስጥ በጉልህ ይገኛል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፕሮግራሞች የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢጻፉ፣ ከሥራቸው ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልደገፋቸው ጥበቃቸው በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። መንግሥት ለብቻው ያሠራቸው ልዩ ጥብቅ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ውድና ለሥራ የማይመቹ ሆነው ገበያ አጥተዋል። መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው የሚገዙት ተራውን የገበያ ዕቃ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ዕቃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ድርጅቱ ከዩታ ዩኒቨርሲቲና ሴኪዩር ኮምፒዩቲንግ ከተባለ ኩባንያ ጋር ፍላስክ የሚባል ንድፍ ሲያጠና ቆይቶ፣ ንድፉን ምንጭ ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት ወደ ሆነው ወደ ሊኑክስ አዛወረው።

ንድፉን ለመረዳት አንድ ትልቅ ግቢ ማሰብ ይበቃል። በአሮጌው ሥርዓት ማናቸውም የጌታው መልእክተኛ የጌታውን ቁልፎች በሙሉ ይዞ ይዞራል። ደብዳቤ ሊያደርስ የተላከው ልጅ ጎተራውንም፣ እልፍኙንም፣ የሰነዱን ሣጥንም መክፈት ይችላል። ልጁ በመንገድ ላይ በሌባ ቢታለል ግቢው ሁሉ ተዘረፈ ማለት ነው። በኮምፒዩተርም እንዲሁ፣ አንድ ሥዕል ማሳያ ፕሮግራም የባለቤቱን ደብዳቤዎች ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ በሆነ ስም የሚሠራ ፕሮግራም ከሆነማ የማይደርስበት የለም። ኤስ ኢ ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ፋይል ምልክት ይሰጣል፤ የትኛው ምልክት ያለው የትኛውን ሊነካ እንደሚችል በተጻፈ ደንብ ይወስናል። ደንቡ ያልፈቀደው ሁሉ ክልክል ነው። ወጥ ሠሪዋ ማድቤት፣ ዘበኛው በር ላይ፣ ደብዳቤ አድራሹም በመንገዱ ላይ ይወሰናሉ፤ አስተዳዳሪውም ቢሆን ከደንቡ አያመልጥም። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ በዚህ ውስጥ አንድም የምሥጢር መጻፊያ ዘዴ፣ አንድም «ለምን እንደ ተመረጠ አንናገርም» የሚባል ቁጥር የለም። ሁሉም «ይህ ይችላል፣ ያ አይችልም» የሚል በፊደል የሚነበብ ደንብ ነው።

በማርች 2001 የድርጅቱ ሰዎች ሥራቸውን ለሊኑክስ ጸሐፊዎች ጉባኤ አቀረቡ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እንዳለ አልተቀበለውም። ይህን ያደረገው ስለ ሰጪው ማንነት ተጨንቆ ሳይሆን፣ የጥበቃ ንድፍ ያለው ባለሙያ ብዙ ስለ ነበረ የአንዱን መርጦ በሌሎቹ ላይ መጫን ስላልፈለገ ነው። ማንም የጥበቃ ንድፍ ሊሰካበት የሚችል የጋራ መሰኪያ በመጀመሪያ ይሠራ አለ። በዚህ ሥራ ላይ የልዩ ልዩ ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች ተሰማርተው ኤል.ኤስ.ኤም. የተባለውን መሰኪያ ሠሩ፤ ኤስ ኢ ሊኑክስም በዚያው ላይ እንዲሰካ ተደርጎ እንደ ገና ተጻፈና በ2003 ወደ ሊኑክስ ዋና አካል ገባ። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ይህ ነው። ከድርጅቱ እጅ የወጣው ጽሑፍ በተቀናቃኞቹ እጅ አለፈ፤ የራሳቸውን ንድፍ ለማስገባት የሚፎካከሩ ሰዎች ከማንም ይልቅ የሌላውን ጉድለት ለማግኘት ዓይናቸው የተሳለ ነው።

ማንበብ ይጠቅማል ስንል ግን የማንበብን ልክ ደግሞ ማወቅ አለብን። በዚያው በ2003፣ በኖቬምበር ወር፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በሊኑክስ ምንጭ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ውስጥ ሁለት መስመር ሰርጎ አስገባ። በሁለት የእኩል ምልክት መጻፍ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ የእኩል ምልክት ተጻፈ። ልዩነቱ ለዓይን የጽሕፈት ስሕተት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ዘዴውን የሚያውቅ ተራ ተጠቃሚ በቅጽበት የሥርዓቱ አስተዳዳሪ እንዲሆን የሚያደርግ ነበር። የተያዘው ቅጂው ከዋናው መዝገብ ጋር አልመሳሰል ስላለ ነው። ኬን ቶምፕሰን የተባለው የዩኒክስ አባትም በ1984 ባሳተመው ንግግሩ፣ ፕሮግራሙን ወደ መኪና ቋንቋ የሚተረጉመው መሣሪያ ራሱ ከተበከለ ምንጭ ጽሑፉን ማንበብ ብቻውን እንደማያድን አሳይቷል። ስለዚህ «ተነቧል» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። «ያልተነበበ አይደለም» ማለት ብቻ ነው፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

በቤት ኮምፒዩተር ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2004 ፕሮግራሙን ለተራው ተጠቃሚ አደረሰ። በመጀመሪያ ደንቡ እጅግ ጥብቅ ስለ ነበር ሰው ሥራ መሥራት አልቻለም፤ በዚያው ዓመት ደንቡ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ብቻ እንዲሆን ተላላ። ያም ሆኖ ብዙ ሰው አንድ ፕሮግራም እንቢ ባለው ቁጥር የመጀመሪያ መፍትሔው ኤስ ኢ ሊኑክስን ማጥፋት ሆነ። የመረጃ መረብ መድረኮች ሁሉ «አጥፋው» በሚል ምክር ተሞሉ። ስለ ስለላ የተነሣው ክርክር ሁሉ ቀርቶ፣ በተግባር መቆለፊያው ከበሩ የተነቀለው ባለቤቱን ስላስቸገረ ነበር።

በ2009 ደግሞ ከባድ ጉድለት ተገኘበት። ሊኑክስ ተራ ፕሮግራሞች የሜሞሪውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ክፍል እንዳይዙ የሚከለክልበት ጥበቃ ነበረው፤ የኤስ ኢ ሊኑክስ ደንብ ግን በዚያ ጥበቃ ፈንታ ገብቶ ተራውን ተጠቃሚ ይፈቅድለት ነበር። በዚህ ረገድ ጥበቃው የጠነከረ የተባለው ኮምፒዩተር ጥበቃ ከሌለው የባሰ ተጋልጦ ተገኘ። ጉድለቱን የገለጠው ከድርጅቱም ከኩባንያዎቹም ውጭ የሆነ ባለሙያ ነው፤ ማስተካከያውም በግልጽ ወጣ። ሰው የሠራው ነገር እንደሚሳሳት የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠቅመን ስሕተቱ የተገኘበትና የታረመበት መንገድ ነው።

አሁን ከዚያው ቤት ወደ ወጣ ሌላ ሥጦታ እንለፍ። በ2006 የደረጃዎቹ መሥሪያ ቤት ለምሥጢር ቁልፍ የሚሆኑ የዘፈቀደ ቁጥሮች ማመንጫ ዘዴዎችን ሲያትም፣ ከአራቱ አንዱ ዱዋል ኢ.ሲ. የተባለው ነበር። ያመጣው ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት ነው። ከጓደኞቹ እጅግ የዘገየ ስለ ነበር ባለሙያዎች ማን ይጠቀምበታል እያሉ ይገረሙ ነበር። በውስጡ ሁለት የሒሳብ ነጥቦች ተጽፈዋል፤ ከየት እንደ መጡ ግን አልተገለጸም። በኦገስት 2007 ዳን ሹሞውና ኒልስ ፈርጉሰን የተባሉ የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች በአንድ ጉባኤ ላይ ለአጭር ጊዜ ቆመው እንዲህ አሉ፦ ነጥቦቹን የመረጠው ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ምሥጢራዊ ዝምድና ቢያውቅ፣ 32 ባይት ያህል ብቻ አይቶ ከዚያ በኋላ የሚወጡትን ቁጥሮች ሁሉ መተንበይ ይችላል። መርጦ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ቢመርጥ ግን ይችላል ማለታቸው ነበር። የዲ.ኢ.ኤስ. ሠንጠረዦች ታሪክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ግን ጥርጣሬው ወደ ምስጋና አልተለወጠም። በሴፕቴምበር 2013 ጋዜጦች በኤድዋርድ ስኖውደን ሰነዶች ላይ ተመሥርተው ድርጅቱ ይህን ደረጃ ለራሱ እንዲመች አድርጎ እንዳስጸደቀ ዘገቡ። የደረጃዎቹ መሥሪያ ቤት ወዲያው ማንም እንዳይጠቀምበት መከረ፤ ኋላም ከዝርዝሩ አወጣው። በዲሴምበር ሮይተርስ፣ አር.ኤስ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ዘዴውን በዕቃው ውስጥ ቀዳሚ ምርጫ እንዲያደርግ በ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ተዋውሎ እንደ ነበር ጻፈ፤ ኩባንያው ግን እያወቀ ደካማ ነገር ለማስገባት መስማማቱን አስተባብሏል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በ2015 የተሰማው ነው። ጁኒፐር የተባለው የኔትወርክ መሣሪያዎች ሠሪ በፕሮግራሙ ውስጥ ያልፈቀደው ጽሑፍ ማግኘቱን አስታወቀ። ተመራማሪዎች ገልጠው ሲያዩ፣ ኩባንያው በዱዋል ኢ.ሲ. ዘዴ ይጠቀም ስለ ነበር፣ ሌላ እጅ በ2012 ገብቶ አንደኛዋን ነጥብ በራሱ ነጥብ ቀይሯት ኖሯል። የጓሮ በር አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ማን እንደሚገባበት ሠሪው ሊወስን አልቻለም።

ከ2013 በኋላ ብዙ ሰዎች ወደ ኤስ ኢ ሊኑክስ ተመልሰው ዓይናቸውን ተከሉበት። ያው ድርጅት፣ ያው ዘመን ነውና ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። በግልጽ የቀረበ የተሸሸገ በር ግን አልተገኘም። ዱዋል ኢ.ሲ.ን ለመጠቀም የሁለት ነጥቦችን አመጣጥ በእምነት መቀበል ያስፈልጋል፤ ነጥቦቹን አንድ ሺህ ጊዜ ቢያነቧቸው ምሥጢራቸውን አይናገሩም። ኤስ ኢ ሊኑክስን ለመጠቀም ግን በእምነት የሚቀበሉት ቁጥር የለም፤ ደንቡን ደግሞ ሬድ ሃት፣ ፌዶራና ሌሎች እንደ ገና ጽፈውታል። ድርጅቱ ቅን ነበር አልልም፤ የድርጅቱን ልብ የማውቅበት መንገድ የለኝም። የዲ.ኢ.ኤስ. ታሪክም ሰጪው ምን አስቦ እንደ ሰጠ ገምቶ መወሰን በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚያሳስት ያሳያል።

ዓለም ከዚያ ወዲህ የመንግሥትን እጅ በሁለት መንገድ ተቀብሎታል። ድርጅቱ በ2013 ያወጣቸው ሳይመንና ስፔክ የተባሉ የምሥጢር መጻፊያ ዘዴዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲሆኑ በቀረቡ ጊዜ፣ የንድፋቸው ምክንያት በበቂ አልተገለጸም በሚል የብዙ አገሮች ባለሙያዎች ተቃወሙና በ2018 ውድቅ ሆኑ። በማርች 2019 ደግሞ ያው ድርጅት ጊድራ የተባለውን ፕሮግራሞችን መፍቻ መሣሪያ በነጻ ሲያወጣ፣ ገና በወጣበት ሰሞን አንድ ባለሙያ ለስሕተት መፈለጊያ የተተወ በር ለውጭ ኔትወርክ ክፍት ሆኖ መገኘቱን አስታወቀ። ተዘጋ፤ ሰውም መሣሪያውን መጠቀሙን ቀጠለ።

ኤስ ኢ ሊኑክስም በመጨረሻ ወደ ቤት የገባው ማንም ባላሰበው በር ነው። ድርጅቱ በ2012 ለአንድሮይድ ስልክ የሚሆነውን ዓይነት አወጣ። ጉግል በ2013 በአንድሮይድ 4.3 ውስጥ ሲያስገባው ጥሰትን መዝግቦ ከማለፍ በስተቀር የሚከለክለው አልነበረም፤ በ4.4 በከፊል መከልከል ጀመረ፤ በ2014 በወጣው በ5.0 ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አስገዳጅ ሆነ። ስለዚህ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ «የስለላ ድርጅት ሥራ ነው» ወይም «ሥራዬን አሰናከለኝ» ብሎ ያጠፋው ሰው፣ አንድሮይድ ስልክ ካለው፣ በኪሱ ይዞት ይዞራል። ደንቡን የሚጽፉት አሁን ጉግልና የስልኩ ፋብሪካ ናቸው፤ ማጥፊያውም በተለመደው መንገድ በባለቤቱ እጅ አይደለም።